ቁልፍ የጨበጠው እግረኛ

ከመኪና እጥበቱ ጎን ወዳለችው ሻይ ቤት ሁልጊዜ በእግሩ ነው የሚመጣው፤ ግን የመኪና ቁልፍ ከጭብጡ ወጥቶ አያውቅም። አንገቱ እንደ ግንድ የወፈረ፣ ሰላምታ የማያበዛ ሰው ነው። ስለ አዲስ መኪና ስናወራ ጥርሱን ያፋጫል። እኛም የሌላ መኪና ደጋፊ ቢሆን ነው፣ ቅናት ነው እያልን እንስቅበት ነበር።

ዛሬ የመኪና እብዶች ሁላችንም አንድ ስልክ ላይ ተደፍተን፣ ትናንት ይፋ የሆነችውን ትንሿን ኤስዩቪ እያየን ነው። አንዱ መብራቷን ያደንቃል፣ ሌላው ከኋላ ጠባለች ብሎ ይሟገታል።

«የኋላ በሯ ከውስጥ በምን ይከፈታል?» አለ ሰውየው።

«በበተን ነዋ! ጫን ማድረግ ነው፤ እጀታ ድሮ ቀረ» አለው ከመካከላችን የመኪና ደላላ የሆነው።

«ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥስ?»

«ኧረ ጋሼ! ከኋላ የሚቀመጠው ሕፃን ነው፤ እንዳይከፍት አይደል እንዴ የሚቆለፍበት?»

የሰውየው ብርጭቆ ግድግዳው ላይ ተፈረካከሰ። ሰውየው ጠረጴዛውን በእግሩ ገልብጦ ደላላውን አነቀውና ደጋግሞ ከግድግዳው ጋር አላተመው። «በምን ይክፈተው? በጥፍሩ?» እያለ ይጮሃል። ተረባርበን ስናላቅቃቸው የደላላው ከንፈር ተሰንጥቆ ነበር። ሰውየው የገዛ እጆቹን አየና ወጣ።

ቁልፉ ወለሉ ላይ ቀርቷል። ደላላው ሊወረውርበት አነሳውና ክንዱ አየር ላይ ቀረ። የቁልፉን ግማሽ እሳት በልቶታል፤ በተኖቹ ቀልጠው አንድ ላይ ተጣብቀዋል።

ደሙን በእጅጌው ጠረገና «ጋሼ! ጋሼ፣ ቁልፍዎን!» እያለ ተከትሎት ሮጠ።