ለጓደኛው ሚስት ሐኪም ሲፈልግ

ባለቤቴ ከሞተ ሰባት ወር ሆነው። ግድግዳ እያየሽ ከምትውዪ አንድ ነገር ጻፊ ትለኛለች ልጄ። በቀን ግማሽ ገጽ ከወጣልኝ ለእኔ ትልቅ ሥራ ነው። መጀመሪያ ስለ ሕመሙ ልጽፍ ሞክሬ እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ የሚያስቀኝን ልጽፍ ነው። እሱም ቢሆን ሕመሙ ከሚወራለት ይህ ቢወራለት ይመርጥ ነበር።

ነገሩ የሆነው መንግሥት ከተለወጠ ከሦስት አራት ዓመት በኋላ ነው። የምንኖረው ከቦሌ አየር ማረፊያ አለፍ ብሎ ገርጂ ነበር። ዛሬ ፎቅ በፎቅ የሆነው አያት ያኔ እህል የሚዘራበት ሜዳ ነው፤ ከእኛ ወዲያ ያለውን ሁሉ ገጠር እንለው ነበር። ሰፈራችን ትንሽ ስለሆነ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን እህት ከየት እንደመጣች ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ይሰማል። ባለቤቴ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ እኔ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ።

በተጋባን በሁለተኛው ዓመት አርግዤ ነበር። ለሁሉም ተናገርን። የምከታተልበት ክሊኒክ ያለው ዶክተር ግን ከወረቀቱ ላይ ቀና ብሎ አይቶኝ አያውቅም። ወገቤን ያመኛል፣ የሆነ ነገር ልክ አይደለም ስለው፣ «የመጀመሪያሽ ስለሆነ ነው» ይለኝና ይጽፋል። ምን ይጽፍ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። በአምስተኛው ወር ጨነገፈብኝ።

እናቴ ጥፋቱን በአፋችን ላይ ጣለችው። ሳይደርስ አውርታችሁት የሰው ዓይን በላው አለች። እኔ ደግሞ ቀና ብሎ በማያየው ሰውዬ ላይ ጣልኩት። ባለቤቴ ሁለታችንንም አመነ። እንደገና ሳረግዝ ታዲያ ሁለት ነገር ወሰንን። አንደኛ፣ ሆዴ ራሱ እስኪናገር ድረስ ለማንም አንተነፍስም። ሁለተኛ፣ እኔን የማያይ ሰው ፊት ዳግመኛ አልቀመጥም፤ የሚሰማ ሰው እስኪገኝ እንፈልጋለን። ሰው ሳይጠይቁ ሰው መፈለግ እንደማይቻል ያሰበ አልነበረም።

እኔ አንድ የማህፀን ሐኪም በር ላይ ብታይ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ይገባል። ስለዚህ ፍለጋው የእሱ ሥራ ሆነ፤ እሱም በሚያውቀው መንገድ ገባበት። የመለዋወጫ ሰዎች ዕቃ ሲያጠያይቁ የራሴ መኪና ነው አይሉም። ለደንበኛ ነው፣ ለጓደኛ ነው ይላሉ። እንደተቸገርክ ያወቀ ሻጭ እውነቱን አይነግርህም ይል ነበር ባለቤቴ። ደግሞም ሦስት ቦታ ሳይጠይቅ ብሎን እንኳ አይገዛም። ጥያቄዎቹን በደረሰኝ ጀርባ ላይ ጽፎ፣ ሸሚዙን ለውጦ፣ «ለጓደኛዬ ሚስት ነው» ሊል ወጣ።

የመጀመሪያው ቦሌ መንገድ ላይ አዲስ የተከፈተ ክሊኒክ ነበር። ባለቤቴ ሲመለስ ፊቱ ያበራል።

«ምን ዓይነት ሰው ነው?» አልኩት።

«የጃፓን ነው» አለኝ።

ለካ ስለ አልትራሳውንዱ ነው የሚያወራው። ዶክተሩ መሣሪያውን ከፍቶ አሳይቶታል፤ ባለቤቴ ደግሞ ዙሪያውን እየዞረ አይቶ፣ በመጨረሻ ቢበላሽ መለዋወጫው ከየት እንደሚመጣ ጠይቋል። ዶክተሩ አስቦበት አያውቅም። ያ ክሊኒክ እዚያው ላይ ተሰረዘ። ስለ ሰውዬው የሚነግረኝ ነገር አልነበረውም፤ መነጽር ያድርግ አያድርግ እንኳ አላስተዋለም።

ሁለተኛው ወደ መገናኛ ሲሄዱ ያለ፣ በዕድሜ የገፋ ዶክተር ነበር። ትሑት ሰው ነው አለኝ። ደረሰኙ ላይ ያለውን ጥያቄ አንድ በአንድ መልሶለታል። የጓደኛህ ሚስት ስንት ወሯ ነው ሲለው ባለቤቴ ሦስት ወር ከአምስት ቀን ብሎ መለሰ። ሰውዬው መነጽሩን አውልቆ፣ «ሰዓቱንስ ያዝከው?» አለው። ባለቤቴ በዚህ ጨዋታ ፈጽሞ ተማረከ። እሱ ነው የሚያዋልድሽ ብሎ ቆረጠ።

«ስለ እኔ ምን ጠየቀ?» አልኩት።

«ወሩን።»

«ሌላስ?»

አሰበ። ደረሰኙን ገልብጦ አየ። ሌላ አልነበረም።

ሦስተኛው ጋ የሄደው እንግዲህ የሦስት ቦታ ሕጉን ለመሙላት ያህል ብቻ ነው። ጤና ጣቢያ የምትሠራ አዋላጅ ነርስ ነበረች፤ አንድ ደንበኛው ነው ስሟን የሰጠው። አግዳሚው ላይ ሆዳቸው የገፋ ሴቶች ተደርድረዋል። ወንድ እሱ ብቻ ነው። ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡት፤ አንዷ ስንተኛ ወርህ ነው አለችው። ተራው ደርሶ ሲገባ ነጭ ጋዋን ላይ ሹራብ የደረበች ወፍራም ሴት አገኘ። የጀመረውን ጥያቄ ሳታስጨርስ ያቋረጠችው የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። ያኔ የተባባሉትን ዕድሜ ልኩን እየደጋገመ ሲነግረኝ ስለኖረ በቃሌ ይዤዋለሁ።

«ጓደኛህ እግር የለውም?»

«ፊልድ ላይ ነው።»

«ሚስቱስ?»

«ሰው ታፍራለች።»

ነርሷ ተነስታ በሩን ዘጋች።

«ስማኝ ወንድሜ። ሚስት አለችህ?»

«አለች።»

«እዚህ ለምን እንደመጣህ ታውቃለች?»

ባለቤቴ መዋሸት የሚችለው እስከ አንድ ውሸት ነው። ሁለተኛው አይመጣለትም።

«ታውቃለች» አላት።

«ምን አለች?»

«ደስ ብሏታል።»

ሃያ ዓመት ሳዋልድ እንዲህ ያለ ሰምቼ አላውቅም አለችው። ስለ ሥራዋ ስንት ሴት እንዳዋለደች፣ ምን መሣሪያ እንዳላት፣ ለጠየቃት ሁሉ አንድም መልስ አልሰጠችም። ሲወጣ ያለችው ይህን ብቻ ነው፦ «የማንም ትሁን፣ ሴትዮዋን ሐሙስ ይዘሃት ና። እሷን ሳላይ ላንተ የምለው የለኝም።»

ቤት ሲገባ በጣም ተናዶ ነበር። ሁለቱ ዶክተሮች እንደ ሰው አናገሩኝ፣ ይቺ ግን እንደ ሌባ አየችኝ አለ። እኔም ደክሞኝ ነበር፤ ያቅለሸልሸኛል፣ አስተምሬም መጥቻለሁ። እሺ፣ ሰኞ ሽማግሌው ዶክተር ጋ እንሄዳለን አልኩት። ነገሩ በዚህ ያለቀ መሰለን።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ሱቅ እያለ ጎረቤታችን መጡ። ባለቤታቸው ጨርቅ የሚነግዱ፣ ከወሎ የመጡ፣ ሰባት ልጅ ያሳደጉ ትልቅ ሴት ናቸው። ገቡና በሩን ከኋላቸው ዘጉት።

«ተቀመጪ ልጄ» አሉኝ።

በገዛ ቤቴ ተቀመጪ ስባል ነገሩ ከባድ መሆኑ ገባኝ። ለካ የእህታቸው ልጅ ያን ቀን ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ነበረች። በሩ ቢዘጋም ግድግዳው ድምፅ የማይይዝ ስስ ኮምፔንሳቶ ነው። ጎረቤቴ ብዙ ዞሩ። ስለ ወንድ ልጅ ድካም አወሩ፣ ስለ ትዕግሥት አወሩ፣ አላህ ለሁሉም ጊዜ አለው አሉ። በመጨረሻ እጄን ያዙና ባልሽ ከውጭ አስረግዞ ሐኪም እያፈላለገ ነው አሉኝ።

ያኔ እውነቱን ብናገር ምስጢሩ ሊወጣ ነው። ዝም ብል ደግሞ የማለቅስ መስሏቸው ሰፈሩን ሊጠሩልኝ ነው። ከሁለቱ መሃል ያለ ነገር ፈልጌ፣ «አውቃለሁ እትዬ» አልኩ።

«ታውቂያለሽ?»

«ነግሮኛል። እኔም ተስማምቻለሁ።»

እጄን ለቀቁት። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙረው ዓይኔን ገልጠው አዩ።

«ምን አጠጥቶሽ ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

ከዚያ አዘኑልኝና ደረታቸው ላይ አስጠጉኝ። ነጠላቸው ላይ ሽቶ ተርከፍክፎበታል። ሽቶው አፍንጫዬ ሲደርስ አምልጬያቸው ጓሮ ሮጥኩና አስመለሰኝ። ስመለስ ተቀምጠው በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘዋል። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር።

«ስንት ወርሽ ነው?» አሉኝ።

«ሦስት ወር ከዘጠኝ ቀን።»

«ያቺ ሴት...»

«እኔ ነኝ።»

እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከጨነገፈብኝ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ለማንም እንደማይናገሩ ወላሂ ብለው ማሉልኝ። ልብ ያላልነው፣ ምስጢሩን ካልተናገሩ የባለቤቴን ስም ማጥራት እንደማይችሉ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ሰፈሩ ባለቤቴን እንደ ባለ ሁለት ሚስት አየው። ዳቦ ቤት ያሉት ሴቶች ሰላምታ ነሱት። አንዳንድ ወንዶች ደግሞ ከወትሮው በላይ አክብረው ከመቀመጫቸው ይነሱለት ጀመር፤ እሱን የከበደው ይሄኛው ነው። አንድ ቀን እንኳ ንገሪልኝና ይብቃኝ አላለኝም።

ጎረቤቴ ሊሄዱ ሲነሱ አንድ ነገር ጨመሩልኝ። የእህታቸው ልጅ እንደነገረቻቸው፣ ባለቤቴ ከወጣ በኋላ ነርሷ ካርድ ክፍል ላለችው ባልደረባዋ እንዲህ ብላለች፦ «ያቺን እቤት ያለችዋንስ ማን እንዴት ነሽ አላት?»

ሁለቱ ዶክተሮች ባለቤቴ ፊታቸው ተቀምጦ ስለ እኔ የጠየቁት ቢኖር የእርግዝናዬን ወር ብቻ ነው። ይቺ ሴት ግን ሳታየኝ ሁለት ጊዜ ተጨነቀችልኝ፤ አንዴ እንደ እርጉዟ፣ አንዴ ደግሞ እንደ እቤት ያለችው ሚስት። ማታ ባለቤቴ ሲገባ ሰኞ የትም አንሄድም፣ ሐሙስ ጤና ጣቢያ ነው አልኩት። ተከራከረኝ። ምንም አልመለሰችልንም እኮ አለ። እኔ የምትጠይቅ እንጂ የምትመልስ አልፈልግም አልኩት።

ሐሙስ ገባን። ነርሷ መጀመሪያ እሱን አየችና አወቀችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ የትኛዋ ነሽ?»

«ሁለቱም ነኝ» አልኳት።

ባለቤቴ ጫማውን ያያል። ነርሷ ነገሩ እስኪገባት ትንሽ ጊዜ ወሰደባት፤ ሲገባት ግን አልሳቀችም። ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በይ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ አለችኝ። ነገርኳት። ስለ ወገቤ፣ ስለ ወረቀቱ፣ ቀና ስለማይለው ሰውዬ፣ ስለዚያ አምስተኛ ወር። ውጭ ተረኞቹ ያጉረመርማሉ፤ እሷ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም። ብዕሯን ያነሳችው እኔ ስጨርስ ነው።

በስምንተኛው ወር እግሬና እጄ ማበጥ ጀመረ። የደም ግፊቴን ለካች፣ ደግማ ለካች። ከዚህ በኋላ እኔ አልበቃሽም፣ ሆስፒታል ነው የምትወልጂው አለች። ይህን ጊዜ ደግሞ ባለቤቴ እምቢ አለ። እሷን ለመቀበል ያን ያህል የተቸገረው ሰው፣ አሁን ካንቺ ሌላ አናምንም ብሎ ቆመ።

«ሲስተር፣ እኛ እኮ ለምደንሻል።»

«እኔ የለመድኩት ሴትዮዋን ነው» አለችው። «መኪናህን አስነሳ።»

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በፒክአፑ ወጣን። እሷ መሃላችን ተቀምጣ ደብዳቤውን በእጇ ይዛለች። ደብዳቤው ላይ ምን ጻፍሽ አልኳት፤ ያለፈውን ዓይነት ወረቀት እንዳይሆንብኝ ፈርቼ ነው። አንድ በአንድ አነበበችልኝ። መጨረሻው ላይ ታካሚዋ አንድ ነገር ልክ አይደለም ካለች ትሰማ የሚል ነበረበት። እዚያው አስተኙኝ፤ በማግስቱ ከቀትር በፊት ልጄ ተወለደች። ነርሷ ልትጠይቀን ስትመጣ ልጅቷን አቅፋ አየቻት፣ ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞራ፣ «ጓደኛህን እንኳን ደስ አለህ በልልኝ» አለችው።

ባለቤቴ ያረፈ ዕለት ድንኳኑ የተተከለው ዛሬ በምንኖርበት ሰሚት ነው። እዚህ ብዙው ሰው አዲስ ነው፤ የገርጂውን ወሬ የሚያውቅ የለም። ያኔ የነበሩት ጎረቤቴ እንኳ ቀድመውት አልፈዋል። ነርሷ በሁለተኛው ቀን መጣች። ጡረታ ወጥታለች፣ በዱላ ነው የምትሄደው፣ ልጄ ደግፋ አስገባቻት። አጠገቤ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ በርቺ፣ ጠንክሪ ይለኛል፤ እኔ ግን እስከዚያ ሰዓት ድረስ አንድ ጠብታ እንባ አልወጣኝም ነበር። ቆይታ እጄን ያዘች። ፊቴን እንደ ድሮው ትክ ብላ አየችው።

«አንቺ የትኛዋ ነሽ?» አለችኝ።

«ሁለቱም ነኝ» አልኳት፤ ከዚያ እንባዬ መጣ፣ ሳቁም አብሮት መጣ፣ አንዱን ከአንዱ መለየት አቃተኝ። እሷ እጄን እንደያዘች ቆየች።

ከእኛ ጀርባ የተቀመጡ ሴቶች «የትኛዋ ነሽ» የሚለውን ሰምተዋል። በሰልስቱ ልጄ ተናዳ ወደ እኔ መጣች። አንዲት ሴትዮ ሌላዋ የሟች ሚስት የት ነው የተቀመጠችው፣ እሷንም እንድናጽናናት ብላ ጠይቃታለች። የአባቴን ስም ከሞተ በኋላም እያጠፉ ነው፣ አሁኑኑ ተነስተሽ ንገሪያቸው አለችኝ።

አልነገርኳቸውም። ሁለት ወር ለእኔ ብሎ የቻለውን እኔም ለጥቂት ቀን ቻልኩት። ሴቶቹ አጽናንተውኝ ሲያበቁ ድንኳኑ ውስጥ ዓይናቸውን እያዞሩ ያቺን ሌላዋን ሲፈልጉ፣ እኔ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አድርጌ ተቀመጥኩ።