በቁሙ የተለቀሰለት አባቴ

ደብረ ታቦር ባስተማርኩባቸው ዓመታት መጀመሪያ የለመድኩት ብርዱን ነው፤ ቀጥሎ የለመድኩት መርዶውን ነው። እዚያ አገር የሞት ወሬ እንደ ሌላ ወሬ አይነገርም። የሞተበት ሰው ከሁሉ መጨረሻ ነው የሚሰማው። ጎረቤቱ ያውቃል፣ እድርተኛው ያውቃል፣ ገበያተኛው ያውቃል፤ እሱ ብቻ ምንም ሳያውቅ ይበላል፣ ይስቃል። የሚያውቁትም አብረውት ይስቃሉ። ከዚያ አንድ ቀን ገና ጎህ ሲቀድ፣ እህል ሳይቀምስ፣ ሦስት አራት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው በሩ ላይ ይቆማሉ። ያን ጊዜ መናገር እንኳ ብዙም አያስፈልግም።

እኔ አርሲ ውስጥ ከሙስሊም ቤት የወጣሁ ሰው ነኝ። በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ወዲያው ይነገራል፤ ቀብሩ በዚያው ቀን ነውና ማን ምን ይደብቃል? ሞቷል ከተባለ ሞቷል፤ ታሟል ከተባለ ታሟል። እንባ አይከለከልም፤ ዋይታና ደረት መድቃት ግን በአላህ ፍርድ ማጉረምረም ነው ተብሎ ይነቀፋል። ስለዚህ የደብረ ታቦር ልቅሶ ሲያስገርመኝም ሲያናድደኝም ኖረ። ወጣት ነበርኩ፤ በየሳምንቱ የውይይት ክበብ ስለምንሰበሰብ "ኋላ ቀር ልማድ" የሚለው ቃል ከምላሴ አይጠፋም ነበር። ሙሾ ማውረድ፣ ፊት መንጨት፣ ሣልስት፣ ሰባት፣ አርባ፣ ተዝካር፤ ሁሉንም ኋላ ቀር እል ነበር።

አከራዬ ግን ዝም ብለው ያዳምጡኝና "እስቲ ይድረስብህና እናይሃለን" ይሉኝ ነበር። ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንድ ወንድ ልጃቸው ወደ ሰሜን ጦር ግንባር የሄደባቸው ሴት ናቸው። እሜቴ እላቸዋለሁ። እኔ የእሳቸውን ሥጋ አልበላም፣ እሳቸውም የእኔን አይበሉም፤ የሽሮ ድስታችን ግን አንድ ነበር። የልጃቸው ደብዳቤ ከቆመ ዓመት አልፎት ነበር። ማለዳ በር ሲንኳኳ "ማነው?" የሚሉበት ድምፅ በሌላ ሰዓት ከሚሉበት ይለያል። እኔም ስለዚህ ማለዳ ከቤት ስወጣ ከውጭ ሆኜ በራቸውን ላለማንኳኳት ተጠንቅቄ ነበር የምኖረው።

በሦስተኛው ዓመቴ፣ የፈተና ሰሞን፣ ወንድሜ ቴሌግራም ላከልኝ። እኔ ግን አላየሁትም። የቴሌግራም ሠራተኛው የእድራችን አባል ነበር። ወረቀቱን ለእኔ መስጠት ነውር መሰለውና ኪሱ ከቶ ቀጥታ ወደ እሜቴ ሄደ። እሜቴ የነፍስ አባታቸውን ጠሩ። ሦስቱ ተማከሩ፤ "ፈተናውን አርሞ ይጨርስ" ተባለ። ሦስት ቀን ሙሉ እሜቴ ሽሮዬን ከወትሮው በበለጠ ቅቤ እየሠሩልኝ ፊቴን ግን አያዩም። የቴሌግራሙ ሰውዬ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ቀልድ ነገረኝ። ያ ሰው ቀልድ እንደማይችል ትዝ ያለኝ በኋላ ነው።

ቅዳሜ ማለዳ ደጄ ላይ ቆሙ። ቄሱ፣ የቴሌግራሙ ሰውዬ፣ እሜቴና ሁለት ሽማግሌዎች። ቄሱ "በርታ፤ አባትህ አርፈዋል" አሉኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ አነበብኩት። "አባታችን በጠና ታሟል። ቶሎ ድረስ" ይላል።

"ታሟል ነው እኮ የሚለው" አልኩ።

የቴሌግራሙ ሰውዬ ትከሻዬን ያዘኝ። "ወንድሜ፣ እኔ እዚያ መስኮት ላይ ሃያ ዓመት ተቀምጫለሁ። ሞተ የሚል ቴሌግራም አንድም ቀን ደርሶኝ አያውቅም።"

እውነቱን ነበር። በዚያ አገር ማንም ሰው ሞትን በወረቀት አይልክም፤ "ታሟልና ና" ብሎ ነው የሚልከው። እኔም ሦስት ዓመት እዚያ ኖሬ ስንት ጊዜ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ቆሜ መርዶ አርድቻለሁ! ወንድሜ የአርሲ ሰው መሆኑ፣ ታሟል ሲል ታሟል ማለቱ እንደሆነ ጭራሽ አልታሰበኝም። ተቀመጥኩና ጮህኩ። እነሱ እንደሚጮሁት ጮህኩ።

ግቢው በአንድ ሰዓት ውስጥ ሞላ። ድንኳን ተተከለ፣ ንፍሮ ተቀቀለ። ከገበያው ሁለት ሙስሊም ነጋዴዎች መጥተው ዱዓ አደረጉልኝና እሜቴ ሲጮኹ "ኧረ ቀስ ይበሉ፤ ለሟቹ አይበጅም" አሏቸው። እሜቴ "እናንተ ለነፍሱ ለምኑ፤ ለሥጋው እኔ አለቅስለታለሁ" ብለው መለሱላቸው። ቄሱም ከነጋዴዎቹ ጎን ተቀመጡ። "ፍትሐት አላደርስላቸውም፤ ማዘኑን ግን ማን ይከለክለኛል?" አሉ። ፀጉሬን ተላጨሁ። ኋላ ቀር ያልኩትን ሁሉ ምንም ሳላስቀር አደረግሁ፤ ማፈርም አላፈርኩም።

ከዚያ አልቃሿ መጣች። አጭር፣ ድምፀ ወፍራም ሴት ናት። አጠገቤ ቁጢጥ ብላ "አባትህ ምን ነበሩ? ፈረስ ይጋልቡ ነበር? አውሬ ገድለዋል?" ብላ ጠየቀችኝ።

"ልብስ ሰፊ ነበር" አልኳት።

ቅር እንዳላት ፊቷ ላይ አየሁ። "ሌላስ?"

ሌላ ምን ነበረ? አባቴ ዕድሜውን ሙሉ አንድ በረንዳ ላይ፣ አንድ የስፌት መኪና ፊት ተቀምጦ የኖረ ሰው ነው። አንድ ጉራ ብቻ ነበረው። ሜትር አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል እንጂ አይለካበትም። ደንበኛውን ከትከሻ እስከ ትከሻ አንዴ ያየውና ይቆርጣል። ይህንኑ ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀችና ተነስታ ሴቶቹ መሃል ገባች።

በዓይኑ እየለካ ለአገር የሰፋ፣
የልጁን ሐዘን ልክ ሳይወስድለት ጠፋ።

ግቢው አብሯት አነባ። አባቴን በዓይኑ ያየ አንድ ሰው በሌለበት አገር፣ ጉልበቱ የተላጠ ሱሪውን፣ መርፌ ከንፈሩ ላይ ነክሶ ማውራቱን ያዩት እስኪመስለኝ ድረስ አለቀሱለት። ከሁሉ በላይ እሜቴ አለቀሱ። ለማን እንደሚያለቅሱ ሁላችንም እናውቅ ነበር። በልቅሶ ላይ ሁሉም የራሱን ነው የሚያለቅሰው፤ የእሳቸው ግን ይሙት አይሙት ያልታወቀ ነበርና ስሙን አልጠሩም።

በአራተኛው ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር "አባቱ ስለሞቱበት" ብሎ ጽፎ የይለፍ ወረቀት ሰጠኝ። በወረታና በባሕር ዳር አድርጌ፣ አዲስ አበባ አድሬ፣ በስንት ፍተሻ ቤታችን ደረስኩ። በረንዳው ላይ መኪናው ጨርቅ ለብሷል። ገባሁ። አባቴ አልጋው ላይ ቀና ብሎ አጥሚት ይጠጣል።

የተላጨ ራሴንና ጥቁር ሸሚዜን አየና ደነገጠ። "ማን ሞተብህ?" አለኝ።

እግሩ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ ሳቅሁም መሰለኝ። በሁለተኛው ቀን ማታ እውነቱን ነገርኩት። ወንድሜ በቴሌግራሙ ሰውዬ በጣም ተናደደ፤ አባቴ ግን የሚፈልገው ሌላ ነው። "እና ምን ብለው አለቀሱልኝ?" አለ። ግጥሙን በአማርኛ ካልኩለት በኋላ በኦሮምኛ አስረዳሁት። ደግመህ በል አለኝ፤ ደገምኩ። ክርስቲያኖች፣ የማያውቁኝ ሰዎች፣ ድንኳን ተክለው? እያለ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ። ከዚያ እንደ ደንበኛ ከትከሻ እስከ ትከሻ አየኝ።

"አሁን ለካሁልህ" አለኝ። "መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይሰፋሃል። ግድ የለም፤ ታድግበታለህ።"

ለልጆች ዩኒፎርም ሲሰፋ ለእናቶች የሚላት ነገር ናት።

በማግሥቱ ለእሜቴ "አባቴ በሕይወት አለ" ብዬ ቴሌግራም ላክሁ። አባቴ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን ኖረ። ሐሙስ ጠዋት ሞተ፤ ከቀትር በኋላ ቀበርነው። ታጠበ፣ በነጭ ተከፈነ፣ ተሰገደበት፣ አፈር ተመለሰ። ማንም አልጮኸም። ያማረ፣ ጸጥ ያለ ቀብር ነበር፤ እኔ ግን አንድ ጠብታ እንባ አልወጣኝም። እንባዬን ደብረ ታቦር ቀድሜ ጨርሼው ነበር፤ ወይም መሰለኝ።

ስመለስ አውቶቡስ ተራ ላይ የቴሌግራሙ ሰውዬ ቆሞ ይጠብቀኛል። ያን ቴሌግራም ሲያገኝ መስኮቱን ከፍቶ ትቶ እስከ እሜቴ ቤት መሮጡን ነገሩኝ። እሜቴ እልል ብለው፣ ጠላ ጠምቀው፣ ያለቀሰውን ሰው ሁሉ ጠርተው ነበር። አልቃሿ እንኳ "እኔን ይማረኝ!" እያለች እጄን ሳመችኝ። እሜቴ በሁለት እጃቸው ፊቴን ይዘው "አባትህ እንዴት ናቸው?" አሉኝ።

"ደኅና ናቸው" አልኩ።

አወጣጡን እኔም አላወቅሁም። ያንን ግቢ ለሁለተኛ ጊዜ ልቅሶ ላስቀምጠው አልቻልኩም፤ እውነቱ ይህ ነው። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ነገ ሁለት ዓመት ሆነ። ለዕረፍት ስሄድ እሜቴ የጉና ገብስ በሶ ቋጥረው "ለአባትህ" ይሉኛል፤ ስመለስ "ወደዱት?" ይሉኛል፤ ወደዱት እላቸዋለሁ። በዚያች አንዲት ቤት ውስጥ አባቴ አልሞተም ነበርና፣ ውሸቱን ወድጄው ነበር ብል ይቀለኛል። ሐዘኑ ግን ለካ የትም አልሄደም፤ ሳልለብሰው ነበር የተቀመጠው።

በመጨረሻ ወደ አርሲ ዝውውር ተፈቀደልኝ። እሜቴን በውሸት ተሰናብቼ መሄድ አስጠላኝ። ለቄሱና ለቴሌግራሙ ሰውዬ ሁሉን ነገር ነገርኳቸው። ሰውዬው ራሱን ይዞ "እንግዲያስ በወጉ ይነገራቸዋ" አለኝ። በወጉ ማለት ማለዳ ነው። ሦስታችን ጋቢያችንን አዘቅዝቀን በራቸውን አንኳኳን።

በአምስት ዓመት ውስጥ ያን በር ማለዳ ያንኳኳሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ምን እያደረግሁ እንደሆነ የገባኝ "ማነው?" የሚለውን ድምፅ ስሰማ ነበር፤ ግን ረፍዷል።

በሩ ተከፈተ። ቄሱን አዩ፣ ጋቢያችንን አዩ። የበሩን መቃን ያዙ። ያን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። "ልጄ ነው?" አሉ፤ ድምፅ አልነበረውም።

"አይደለም እሜቴ! አይደለም!" ብዬ ጮህኩ። "አባቴ ናቸው። አባቴ ሞተዋል። ድሮ ነው የሞቱት፤ ያን ጊዜውኑ።"

"ተመስገን!" አሉ። ከአፋቸው አመለጣቸው። ወዲያው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፤ ያሉት ነገር አሳፈራቸው። ከዚያ ደጃፉ ላይ ተቀመጡ፤ እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እጄን ያዙኝና፣ አልቃሿ ያለችውን ያንኑ ግጥም፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ሳይረሱት፣ ቀስ ብለው ማለት ጀመሩ። እንባዬ መጣ። ለአልጋው፣ ለበረንዳው፣ ለዚያ ጸጥ ላለ ሐሙስ ሳይመጣ የቀረው ሁሉ መጣ። እሳቸው ልጃቸው ስላልሞተ፣ እኔ አባቴ ስለሞተ፣ ፀሐይ እስክትሞቅ አንድ ላይ አለቀስን።

አባቴ እውነቱን ነበር። ሐዘኑ በልኬ ሆኖልኝ ነበር።