ሦስት ሰው በአንድ አድራሻ

የእናቴ አለቃ ጋሼ ትናንት ደወሉ፤ እናቴ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ቋሚ ሠራተኛ ናት! ገና ስልኩ ሳይዘጋ ጮህኩ። እማዬ «ኧረ ጎረቤት ይሰማል!» አለችኝ፣ ራሷ ከኔ በላይ እየጮኸች። ይህን ደስታ ልጽፍ ስቀመጥ ግን እጄ ወደዚያ ማክሰኞ ጠዋት ሄደብኝ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ጋሼ ክሊቭላንድ አቬኑ በሚባለው መንገድ ላይ ለሆስፒታሎች በስልክ የሚያስተረጉም ትንሽ ቢሮ አላቸው። ኮሮና ሲመጣ እናቴን ጨምሮ ሦስቱን አስተርጓሚዎቻቸውን ከቤታችሁ ሥሩ አሏቸው። የታማሚ ምስጢር ጥበቃ በሌለው ኢንተርኔት አይወራምና ሁሉም ነገር የሚያልፈው ቢሮ በተቀመጠ አንድ ኮምፒውተር በኩል፣ ቪፒኤን በሚባል ዝግ መስመር ነው። ያን ኮምፒውተር ሰርቨር አድርጌ ያቆምኩት እኔ ነኝ፤ በአሥራ ስድስት ዓመቴ፣ ቪዲዮ እያየሁ። እማዬ አስም አለባት። ይህ ሥራ ከቀረ የምትመለሰው ግሮቭፖርት ወዳለው መጋዘን ነው፣ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ወደሚሠራበት።

ከሰኞ ጀምሮ የእማዬ መስመር ይቆረጥ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ባሰ። ጋሼ ደወሉ።

«ልጄ፣ ምንድነው ነገሩ? እትዬም ተቆረጠብኝ እያሉ ነው።» እትዬ የምንላቸው ከሦስቱ በዕድሜ ትልቋን ነው።

«እያየሁት ነው ጋሼ።»

«ሆስፒታሉ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እናትሽን ይፈልጋል። ዛሬም ከተቆረጠ ሌላ ቢሮ እንይዛለን ብለውኛል።»

ለኔ ያ ማለት ግሮቭፖርት ማለት ነበር።

ሰርቨሩ ለሚገባ ሁሉ አይፒ አድራሻ ያድላል፣ የቤት ቁጥር በሉት። የሚያድለው አልቆበት ይሆናል ብዬ ብዛቱን ጨመርኩ። ለውጥ የለም። ሪስታርት አደረግሁት። ጭራሽ ሁሉም ወጡ፣ እኔም ወጣሁ፣ ሰርቨሩ ዝም አለ። ካልተነሳ ቢሮ ድረስ መንዳት ሊኖርብን ነው፤ ያ ብቻ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። እማዬ ላፕቶፗን ዘግታ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች። የአስም ኢንሄለሯን በእጇ ታገላብጣለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰርቨሩ ተነሳ! ማን መቼ እንደገባ የሚመዘግብበትን ዝርዝር ከፈትኩ። መጨረሻው አሥራ ሁለት የሆነ አድራሻ ተሰጥቷል። ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ ያው አሥራ ሁለት። እንደገና ያው። አጠገቡ ያለው ስም ሁሌም የእናቴ ነው። እናቴ ግን ይኸው በሩ ላይ ቆማለች።

የእውነት የፈራሁት ያኔ ነው። በእናቴ ስም ሌባ ገብቷል፣ የታማሚውን ሁሉ ጉዳይ እየሰማ ነው አልኩ።

«እማዬ... የሰጠሁሽን የመግቢያ ፋይል ለሰው ሰጥተሻል?»

«ለእትዬ ነዋ! የሳቸው አልከፈት ቢላቸው እሁድ በቴሌግራም ላክኩላቸው። እሳቸውም ለሦስተኛዋ አስተላለፉላት። ምነው? ስኳር አበደርኩ እንጂ ቤት አልሸጥኩ!»

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ አላወቅሁም። ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ፋይል ሠርቼ ነበር፤ ለምን ለየብቻ እንደሆነ ግን አንድም ቀን አልነገርኳቸውም። ሰርቨሩ የሚያውቀው ፋይሉን እንጂ ሰውን አይደለም። ሁሉም እናቴ ናቸው ብሎ ያንኑ አድራሻ ይሰጣል፤ አንዷ ስትገባ ሌላዋን ያስወጣል፣ የወጣችው ተመልሳ ገብታ ያችን ታስወጣለች።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳቸው ደውዬ።

«ኋላ ትነግሪኛለሽ። አሁን አስገቢያቸው።»

የተሰራጨውን ፋይል ከሰርቨሩ ላይ ሰረዝኩ፣ ሦስት አዲስ ሠርቼ ለየባለቤቱ ላክኩ። በጥድፊያ የይለፍ ቃሉን ሁለቴ ተሳሳትኩ። እትዬን በስልክ «እዚያ ጋ ይጫኑ... አይ፣ ሌላኛውን!» እያልኩ ሳስገባቸው አራት ደቂቃ ብቻ ቀርቶ ነበር። ከዚያ ዝርዝሩ ላይ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት ወጣ። ሦስት ሰው፣ ሦስት አድራሻ።

ከጓዳ የእማዬ ድምፅ መጣ፤ «የት ጋ ነው የሚያምዎት?» ጆሮዬን በሁለት እጄ ያዝኩ፣ የሰው ምስጢር ነው። ዓይኔን ግን ከዝርዝሩ ላይ አላነሳሁም። አልተቆረጠም።

ትናንት ጋሼ እማዬን ካበሰሯት በኋላ እኔን ወደ ስልኩ አስጠሩኝ። «ኋላ ትነግሪኛለሽ ያልኩሽን እስካሁን አልነገርሽኝም። ቅዳሜ ቢሮ ነይና ለሁሉም ንገሪ። የፈለገ ሰው ይምጣ።»

እንግዲህ እናንተም ኑ፣ በተለይ ከቤት የሚሠራ እናት ወይ አባት ያላችሁ። እነሱንም ይዛችኋቸው ኑ። የትኛው ፋይል ለሰው እንደማይሰጥ እነግራችኋለሁ። እትዬ ሳምቡሳ እጠብሳለሁ ብለዋል፤ እሱን መካፈል ይቻላል።