ያልሰማሁት ጣቢያ

ይህን መጻፍ ይገባኛል ወይ እያልኩ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ነገሩ ሲታይ ትንሽ ነው፤ አንድ የብረት ማማ፣ የሁለት ሰዎች ዕቃና አንድ ማዞሪያ ነው። በዚያ ላይ ሐዘኑ የእኔ አይደለም። የሌላ ሰው ሐዘን ወስዶ መጻፍ ደስ አይልም። ግን ማዞሪያውን ያዞርኩት እኔ ነኝ፤ እንዴት እንደሆነ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው የለም።

ማማው ያለው ጋምቤላ ከተማ፣ እኔ በተማርኩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ፣ ከውኃው ሮቶ አጠገብ ነው። ፊዚክስ ያስተማሩኝ መምህር የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ አውጥተው ማማው ጫፍ ላይ አንቴና ሰቅለው ነበር። ከግርጌው ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ደግሞ ሪፒተር አስገብተዋል። ሪፒተር ከሩቅ የመጣ ደካማ ድምፅ ተቀብሎ በትልቅ ጉልበት መልሶ የሚያሰራጭ ሬዲዮ ነው። በእሱ አማካይነት በእጅ የሚያዝ ሬዲዮ ያለው ሰው፣ የስልክ ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ሆኖ ከተማ ያለውን ያነጋግራል።

የሬዲዮ ክበቡ አባላት ሰባት ነበርን። ስድስታችን የምንኖረው ከተማው ውስጥ ነው። ሰባተኛው፣ ከባሮ ወንዝ ቁልቁል፣ ክረምት ሲገባ መንገዱ በውኃ በሚቆረጥ መንደር የሚኖሩ ወንጌላዊ ናቸው። ደረቅ ዓሣም ይሸጣሉ። ከመምህር ጋር የተዋወቁት በዓሣው ነው፤ ከዚያ ሬዲዮውን ተማሩ፣ ፈቃድም አወጡ።

በየቀኑ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ስም ጥሪ ነበረን። መምህር እንደ ክፍል ተማሪ በተራ ይጠሩናል፤ እኛም አለሁ እንላለን። ወንጌላዊው የወንዙን ከፍታ ይናገራሉ። መንደሩ ውስጥ ጽኑ ሕመምተኛ ካለ ይናገራሉ፤ መምህር ለጤና ቢሮ ደውለው የሞተር ጀልባ ያስልካሉ። ለመንደሩ ሬዲዮው ማለት ይህ ጀልባ ነበር።

ወንጌላዊው እኔን ማብሸቅ ይወዱ ነበር። አማርኛ የተማሩት ካደጉ በኋላ ነው፤ ቀስ ብለው፣ ቃል እየመረጡ ይናገራሉ።

«የከተማ ልጅ፣ ዛሬ ድምፅሽ ትራስ ትራስ ይሸታል» ይሉኛል፤ ሁሉም ይስቃል። እኔም እንደ እሳቸው ቀልደኛ መሆን እመኝ ነበር።

ባለፈው ክረምት፣ ፈተናዬን ጨርሼ የዩኒቨርሲቲ ምደባ ስጠብቅ፣ አንድ ወጣት ነጋዴ ማማው ላይ የኢንተርኔት ዲሽ ለመስቀል ትምህርት ቤቱን ጠየቀ። ለተማሪ ማደሪያዎችና ጀዊ የስደተኞች መጠለያ ለሚሠሩ ሰዎች ቤት ዋይፋይ ይሸጣል። ለትምህርት ቤቱ በነፃ ሊሰጥ ተስማማ። መምህርም አልተቃወሙም፤ ማማው የትምህርት ቤቱ ነው፣ እኛም እንግዳ ነን አሉ። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የኢንተርኔቱ ገመድ ከእኛ ገመድ ርቆ በማማው ሌላኛው እግር በኩል ይውረድ።

የፍልሰታ ጾም እንደገባ መምህር ለዓይናቸው ቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ሄዱ። የክፍሏን ቁልፍና የስም ጥሪውን መዝገብ ለእኔ ሰጡኝ። በጣም ኮራሁ። ዲሹ የተሰቀለው እሳቸው በሄዱ በሦስተኛው ቀን ነው። ሠራተኞቹ ገመዱን ከእኛው ገመድ ጋር በአንድ እግር አስረው አወረዱት። አየሁ፤ ግን ታላላቆቼ ስለሆኑ ምንም አልተናገርኩም።

በዚያው ዕለት ሪፒተሩ ሹ ማለት ጀመረ። ሹሹታውን እንደ ሰው ድምፅ ቆጥሮ ሳያቋርጥ ያሰራጨዋል። አባላቱ ጆሯችን ደነቆረ ብለው ደወሉ፤ ባትሪውም ሳይነጋ አለቀ። ባለ ኢንተርኔቱን ብጠይቀው፣ የእሱ ዕቃ አዲስ መሆኑን፣ የእኛ ግን ያረጀ መሆኑን በትሕትና ነገረኝ።

ሪፒተሩ ላይ ማፈኛ የምንለው ማዞሪያ አለ። ሹሹታን ይዘጋል፤ ከመጠን በላይ ከተዞረ ግን ደካማ ድምፅንም አብሮ ይዘጋል። ይህን አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። መምህር አስተምረውኛል፤ ፈተና ላይ ቢመጣ እመልሰው ነበር። አዞርኩት። ጸጥ አለ። ሁሉም አመሰገኑኝ። ባለ ኢንተርኔቱ እንኳ «አንቺ ልጅ ኢንጂነር ትሆኛለሽ» አለኝ።

በማግስቱ በስም ጥሪው ላይ ወንጌላዊው አልመለሱም። ዝናብ ሲበዛ ሶላራቸው ስለማይሞላ ከዚህ በፊትም እንዲህ ሆኖ ያውቃል። በሁለተኛውም ቀን አልመለሱም። በሬዲዮው ላይ እንዲህ አልኩ፦

«ወንጌላዊ ዛሬም የሉም። ሶላርዎ ዝናቡን ፈርቶ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቷል መሰለኝ።»

አባላቱ ሳቁ። ደስ አለኝ።

የመምህር ደንብ ግልጽ ነበር፦ ሁለት ቀን ያልተሰማ ጣቢያ ካለ ማፈኛውን ከፍተሽ፣ ሹሹታውን ታግሠሽ፣ ደጋግመሽ አዳምጪ፤ ካልተገኘ በታንኳ ሰው ላኪ። በሦስተኛው ጠዋት ከፈትኩት። አንዱ አባል በሹሹታው ተማሮ ወዲያው ጮኸብኝ፤ ደቂቃ ሳይሞላ መልሼ ዘጋሁት። ማታ መምህር ደውለው ጣቢያው እንዴት ነው ሲሉኝ፣ ጥርት ብሏል አልኳቸው። ጎበዝ አሉኝ።

በአምስተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ወንጌላዊው በትምህርት ቤቱ በር ገቡ። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው፤ ሬዲዮውን በፌስታል ጠቅልለው ይዘውታል። ስላየኋቸው ደስ ብሎኝ ሮጥኩ።

«ጠፉብን እኮ፣ ወንጌላዊ። ሬዲዮው ተበላሽቶ ነው?»

«አልተበላሸም» አሉ። «እኔ አንቺን በደንብ እሰማለሁ። ስትጠሪኝ፣ አለሁ እላለሁ። አንቺ፣ የለም ትያለሽ።»

ወዲያው ገባኝ። ሪፒተሩ የእኔን ድምፅ በሙሉ ጉልበት ወደ እሳቸው ያደርሳል፤ የእሳቸውን ግን ማፈኛው በር ላይ ያስቀረዋል።

ሮቶው ሥር ባለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነገሩኝ። የአራት ዓመት ልጃቸው ወባ ይዟት ሰውነቷ ይንቀጠቀጥ ነበር። የመንደሩ ጤና ኬላ መድኃኒት ጨርሷል። በስም ጥሪው ሰዓት ጀልባ ላኩ እያሉ ለመኑ፤ ከዚያ በኋላም ቀኑን ሙሉ ሞከሩ። ባለቤታቸው አማርኛ አይችሉም፤ የእኔን ድምፅ በሰሙ ቁጥር የከተማዋ ልጅ ምን አለች ብለው ይጠይቋቸዋል።

«ጠብቁ አለች አልኳት» አሉኝ። «ሌላ ምን እላለሁ? በሁለተኛው ቀን ሳቃችሁን ሰማች። ለምን ይስቃሉ አለች። ጀልባው ሊመጣ ነው፣ ለዚህ ነው አልኳት።»

ሁለት ቀን ጠበቁ። በሦስተኛው ቀን ልጅቷን በታንኳ ጭነው ሙላቱን ወደ ላይ መቅዘፍ ጀመሩ። ከተማው ሳይታይ፣ እናቷ እቅፍ ውስጥ ሞተች። ተመልሰው ቀበሯት።

ማዞሪያውን እኔ እንዳዞርኩት ነገርኳቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ እመርጥ ነበር። ፌስታሉን አጠገቤ አስቀመጡት።

«ሬዲዮው ደህና ነው፤ ለመምህር ስጪ። ባለቤቴ ይህን ድምፅ ቤቷ ውስጥ አትፈልግም።»

ያኔውኑ ለመምህር ደወልኩ። ማፈኛው የት ላይ ነው ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው፤ ስልኩ ተዘጋ። ከሳምንት በኋላ አንድ ዓይናቸው እንደታሸገ መጡ። ማፈኛውን ከፈቱት፣ ሹሹታው መጣ፤ ኢንተርኔቱን አስጠፉት፣ ጠፋ፤ መልሰው እንዲበራ አደረጉ፣ ተመለሰ። ባለ ኢንተርኔቱ ፊቱ ጠቆረ፤ በራሱ ወጪ ገመዱን ቀይሮ በሌላኛው እግር አወረደው። ማፈኛው ወደ ቦታው ተመለሰ። ሁሉም ነገር በግማሽ ቀን ተስተካከለ።

መምህር ሬዲዮውን ይዘው ለለቅሶ ወደ መንደሩ ሄዱ። አብሬ ልሂድ ብላቸው፣ አሁን አይሆንም አሉኝ። ሬዲዮውን ይዘው ተመለሱ። ስም ጥሪውን ራሳቸው ያዙት፤ ሰባተኛውን ጣቢያ ሳይጠሩ የዋሉበት ቀን አልነበረም። ጠርተው ትንሽ ይጠብቁና መዝገቡን ይዘጉ ነበር። እኔ ከዚያ ወዲህ በሬዲዮ አልተናገርኩም።

እዚሁ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ተመደብኩ። የቀሩት አባላት በትምህርት ቤቱ ኢንተርኔት የስልክ ግሩፕ ከፈቱ፤ ከተማ ውስጥ ላለ ሰው ስልክ ይበቃዋል። ከወንዙ ቁልቁል የሚጠራን የለም። ባለ ኢንተርኔቱ ሁለተኛ ዲሽ የሚሰቅልበት ቦታ ሲጠይቅ፣ ትምህርት ቤቱ መምህርን አማከረ። እሳቸውም የእኛ አንቴና ይውረድ አሉ።

አንቴናውን ከታች ሆኜ በገመድ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ኅዳር ዘጠኝ ቀን ነበር።