እናቴ ያለ ቅሬ ስትቀበር

አባቴ መርሳ ላይ የብርቱካንና የማንጎ ጌታ ነበር። ከወንዙ ዳር እስከ አስፋልቱ ያለው መሬት፣ ግማሹ በውርስ፣ ግማሹ ከአቅመ ደካሞች በኪራይ፣ በእሱ እጅ ነው። ለምክር ቤት ከተመረጠ በኋላማ ማን ይችለዋል! ሰላምታ እንኳ በአገጩ ነበር የሚመልሰው።

አንድ በጋ ውኃ አነሰ። የመስኖውን ተራ የሚያከፋፍሉት የውኃ አባት፣ እርጅና ያጎበጣቸው ሰው፣ «ዛሬ የታችኞቹ ተራ ነው» ብለው ቦዩን ወደ ድሆቹ ሽንኩርት መለሱት። አባቴ ሰው ሁሉ እያየ በጥፊ መታቸው፤ ቦዩ ውስጥ ወደቁ። ውኃውንም ወደ ብርቱካኑ አዞረው።

መንደሩ አልከሰሰውም። ለማን ይከሰሳል? ከቅሬ፣ ከቀብር ማኅበሩ፣ አስወጣው እንጂ። ከቅሬ የወጣን ሰው እሳት የሚያውሰው የለም፣ ከቤቱ ሬሳ ቢወጣ የሚሸከምለት የለም። መመለሻው አንድ ነው፤ ድንጋይ በአንገት ተሸክሞ፣ ከተበዳዩ ደጅ ወድቆ ይቅርታ መለመን። አባቴ ሳቀ። «ማን ሞቶብኝ ነው!» አለ።

ዓመት ሳይሞላ እናቴ ሞተች።

የሰው ለቅሶ ስትደርስ የኖረች ሴት! ሬሳዋ ቤት ተኝቶ ከደጃችን አንድ ሰው አልቆመም። «አባባ፣ ስለ እሷ ሲሉ ድንጋዩን ይሸከሙ» ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ። «ለሽንኩርት ነቃይ አንገቴን አልደፋም» ብሎ ገፈተረኝ።

እኔው ድንጋይ ተሸክሜ የውኃ አባት ደጅ ሄድኩ። ከአንገቴ አወረዱልኝ፤ አለቀሱም። ግን፣ «ልጄ፣ ያጠፋሽው አንቺ አይደለሽም። ቅሬው የሚፈልገው እሱን ነው» ብለው በሩን ዘጉት። እስከ ዛሬ አልማርኳቸውም። ሬሳ ምን አጠፋ?

አባቴ የቀን ሠራተኞቹን ከማሳ ጠርቶ እናቴን የብርቱካን ሳጥን በሚጭንበት አይሱዙ አስጫናት። ቄሱ ፍትሐቱን አድርሰው ቸኩለው ሄዱ። የማለቅሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሠራተኞቹ አፈር መመለስ ሲጀምሩ አባቴ ሰዓቱን አየና «ቶሎ በሉ፣ ወልድያ ስብሰባ አለብኝ» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ለጠየቀሽ ሁሉ፣ አገር ምድሩ ወጥቶ ቀበራት በይ» አለኝ።

«እሺ» አልኩት። «አንቱ የሞቱ ቀንስ ምን ብዬ ልዋሽ?»

ከሠራተኞቹ አንዱ ሳቁ አመለጠው። አባቴ «ጥፉልኝ ከዚህ!» ብሎ ሁሉንም አባረራቸው። ሲሄዱ ጉድጓዱ ገና ግማሹ ክፍት ነበር። አባቴ ግራ ቀኙን አየ፤ ማንም የለም። የስብሰባ ኮቱን አውልቆ አካፋ አነሳ። ቆሜ አየሁት፤ አላገዝኩትም።