ወንድሜ የበየደብኝ ቅርጫት

ወንድሜን ሰው ሁሉ "ደግ ሰው" ይለዋል። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ሆኖ ነው እንጂ ምን ደግነት አለው! ይኸው ዛሬም ስሙ ሲነሳ ቅጥል እላለሁ። ሥራው ብረት ብየዳ ነው። ሰፈሩ "ጥብቄ" እያለ ነው የሚጠራው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም። ጥብቄ የበየደው በር አይላቀቅም፣ ጥብቄ የሠራው አልጋ አይንቋቋም። አንዴ ባልና ሚስት ጎረቤቶቻችን ተጣልተው ሽማግሌ ሲደክም፣ አንዱ ተነስቶ "ጥብቄ ጋ ወስዳችሁ አስበይዷቸው" አለና ሰው በሳቅ ፈረሰ። እሱ አልሳቀም። ቀልድም ቢሆን ሲላላ አይወድም።

እንዲህ ጥብቅ የሆነው በእናታችን ምክንያት ነው። የተከራየነው ቤት የደረጃው መደገፊያ ተነቃንቆ ነበር። ለአከራዩ ስንት ጊዜ ተነገረው! ጆሮ ዳባ ልበስ አለ፣ ጆሮው ይደፈንና። እማዬ ልብስ ታቅፋ ስትወርድ ተደገፈችው፤ አብሯት ወደቀ፤ አልተነሳችም። ወንድሜ ያኔ ብየዳ ገና ይለማመዳል፣ እኔ ተማሪ ነኝ። ከዚያ ወዲህ እናትም አባትም ሆኖ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ይሄን አልክድም። ግን ያ ሰው ለግቢው በር ሦስት መቀርቀሪያ ሠራ። የባልዲ ማንጠልጠያ ሳይቀር በሽቦ ይጠመጥማል። እኔንም እንደዚያው ጠመጠመኝ። "የት ነሽ? ከማን ጋር ነሽ? መቼ ትመጫለሽ?" ኧረ እኔ ጎልማሳ ሴት ነኝ! የሆስፒታሉን ልብስ ማጠቢያ ክፍል ቀጥ አድርጌ የማስተዳድር ሰው፣ ቤት ስገባ "አንቺ ልጅ" ነኝ።

ከሆስፒታላችን ጀርባ ሜዳ አለ። እዚያ ሠራተኛው ከሥራ በኋላ ዲስክ ጎልፍ የሚሉትን ጨዋታ ይጫወታል። እንደ ሳህን ጠፍጣፋ የሆነ ፕላስቲክ ከሩቅ ይወረወርና በጥቂት ውርወራ ብረት ቅርጫት ውስጥ ያስገባ ያሸንፋል። ከቅርጫቱ በላይ ዙሪያውን ሰንሰለት ተንጠልጥሏል። ሳህኑ ሰንሰለቱን ሲመታ ጉልበቱ ይሞትና ቅርጫቱ ውስጥ ዱብ ይላል። መጀመሪያ ሳየው ሥራ የፈታ ሰው ጨዋታ ብዬ ስቄበታለሁ። አንድ ቀን "እስቲ ልሞክር" ብዬ ወረወርኩ፤ በቃ፣ ለከፈኝ። እርጥብ አንሶላ ሲጎትት የኖረ ክንዴ ከሩቅ ሲወረውር ወንዶቹን ያስከነዳል። ችግሬ ከቅርብ ነው። ቅርጫቱ አጠገብ ስደርስ እጄ አይታዘዘኝም።

ታዲያ የጨዋታው ክበባችን አንድ ሰው መርጦ ለአሰልጣኝነት ሌላ ከተማ ሊልክ ነው ተባለ። ትምህርቱም እዚያ፣ ሥራውም እዚያ። የሚመረጠው ደግሞ በቅርብ ውርወራ ፈተና ነው። በሕይወቴ የራሴ ብዬ የተመኘሁት ነገር አልነበረም፤ ይሄን ግን ተመኘሁት። የሜዳው ቅርጫት አንድ ለእናቱ ነው፣ ወረፋው አያደርስም። የአዲሱን ዋጋ ስጠይቅ ደግሞ ሳቄ መጣ። "በያጅ ወንድም እያለኝ ምን አስጨነቀኝ!" አልኩ። ሞኝ!

ዕቃውን እኔው ለቃቀምኩ። ከብስክሌት ጠጋኙ ጓሮ ጎማው የወለቀ ቸርኬ አገኘሁ፤ ከመዋዕለ ሕፃናቱ የተጣለ የዥዋዥዌ ሰንሰለት። ከሥራ ቦታዬ፣ ተበላሽቶ ሊጣል ከወጣ ማጠቢያ ማሽን፣ ልብሱ የሚሽከረከርበትን ያን ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ገንዳ አስፈቅጄ ወሰድኩ። ለቅርጫት ከዚያ የተሻለ የለም። ወንድሜ አሮጌ የመኪና ጎማ ውስጥ ሲሚንቶ ሞላና መሀሉ ላይ የውሃ ቱቦ አቆመ። ገንዳውን ቆርጦ አሳጠረው፣ ቱቦው ወገብ ላይ በየደው፤ ቸርኬውን አናቱ ላይ። እጁ እኮ ወርቅ ነው፣ ያናድዳል!

ሰንሰለቱ ላይ ሲደርስ፣ "ጋሼ፣ ይሄኛው ላላ ብሎ ነው የሚንጠለጠለው" አልኩት።

"ልቅ ነገር ከእጄ አይወጣም" አለ። እያንዳንዱን ሰንሰለት ከቸርኬው ስቦ፣ እንደ ክራር ክር ወጥሮ፣ ጫፉን ከቱቦው ጋር በየደው። ሰንሰለትነቱ ቀርቶ የመስኮት ብረት ሆነ። ወረወርኩ። ቋ! ሳህኑ ተመልሶ እግሬ ሥር ወደቀ።

"ጋሼ፣ በሞቴ ፍታው።"

"ሰንሰለቱ ምን አደረገሽ? እጅሽን አስተካክይ።"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አመሉ ነው ብዬ ተውኩት። ማታ ማታ ከሥራ እየመጣሁ እወረውራለሁ፣ ቋ! እወረውራለሁ፣ ቋ! ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። ጎረቤት በአጥር እያየ "ዛሬም አልበላ አለሽ?" ይለኛል። ይባስ ብሎ ሜዳ ላይ ያለኝም ጠፋ፤ ይመለስብኛል ብዬ እየፈራሁ ሳህኑን እንደ እንቁላል አባብዬ እለቃለሁ፣ መንገድ ላይ ይቀራል። ልቤ ውልቅ አለ። "ይሄ ነገር ለኔ አልተፈጠረም" አልኩና ከፈተናው ስሜን ላሰርዝ ወደ ክበቡ ሄድኩ።

በሩ ላይ ጥበቃው አገኘኝ። "ምነው ፊትሽ ጠቆረ?"

"ልተወው ነው። አልቻልኩም።"

"ወንድምሽ ቅርጫት አልሠራልሽም እንዴ? ለሱ ብሎ እኮ ነው እዚህ የመጣው።"

"ወንድሜ? እዚህ?"

"እንዴታ! 'ከመበየዴ በፊት አንዴ ልየው' ብሎ። ሰንሰለቱን በእጁ ሲመዝን፣ እኔን ሲያስወረውር ቆየ። 'ለካ ስለላላ ነው የሚይዘው፤ ቢወጠር ይመልሰው ነበር' አለኝ። ወንድም ማለት እንዲህ ነው፣ ደግ ሰው!"

ደሜ እስከ ጆሮዬ ፈላ። ስሜንም ሳላሰርዝ ዞሬ ወጣሁ። እንዴት ቤት እንደደረስኩ አላውቅም፤ መንገድ ላይ ሰላም ያሉኝ ሰዎች እስካሁን ኩራተኛ ሳይሉኝ አይቀሩም። ወንድሜ ግቢው ውስጥ መስኮት ይበይዳል።

"አውቀህ ነው?" አልኩት።

የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። "ምኑን?"

"ሰንሰለቱን! ሜዳው ድረስ ሄደህ፣ አይተህ፣ ገብቶህ፣ አውቀህ ነው የወጠርክብኝ?"

መካድ አያውቅበትም። "አውቄ ነው" አለ።

"ለምን?"

"ትሄጂያለሻ።"

"ብሄድስ! ብሄድስ ታዲያ!"

"እዚያ የደረጃውን መደገፊያ ማን ያይልሻል?"

ይሄን ሲለኝ ሌላ ጊዜ ቢሆን አንጀቴን ይበላው ነበር። ያን ቀን ግን አንጀቴ አርሯል። "እኔ አየዋለሁ! ዓይን የለኝም? እማዬን የገደላት አከራዩ ነው፤ እኔ ምን አደረግኩህ? በገዛ እጄ እንዳላምን አደረግከኝ እኮ! የራሴ እጅ ነው እንቢ ያለኝ እያልኩ ስንት ማታ አለቀስኩ፣ አንተ ግድግዳ ማዶ ተኝተህ ትሰማ ነበር!"

መቁረጫ ማሽኑን ብድግ አደረግኩና ወደ ቅርጫቱ ሄድኩ። ከኋላዬ ሮጦ መጥቶ ከእጄ ነጠቀኝ።

"መነጽር እንኳ ሳታደርጊ! ዓይንሽን ልታጠፊ ነው?"

መነጽሩን ዓይኑ ላይ መለሰና እሱው ቆረጠው። አንዱ ሰንሰለት ሲላቀቅ ቱቦውን እየመታ ወረደ፤ እሱ በእያንዳንዱ ይደነግጣል፣ የራሱ ሥጋ የተቆረጠ ይመስል። ከዚያ ቁጭ ብሎ ጫፋቸውን በአንዲት ቀለበት ሰበሰበና ቱቦው ላይ አጠለቃት። አልበየዳትም። ሰንሰለቱን በጣቱ ገፋ አደረገው፤ ተወዛወዘ። ከሜዳው ቅርጫት ይበልጥ ነበር፤ እየቻለ!

ወረወርኩ። ሰንሰለቱ ተንጫጨና ሳህኑን ዋጠው።

"ያዘ" አለ።

"አላየሁትም መሰለህ?" አልኩት።

ሳህኑን አውጥቶ አቀበለኝ። "ድገሚው።"

እስከ ፈተናው ድረስ እኔ እወረውራለሁ፣ እሱ ይለቅማል፤ ከ"ድገሚው" በቀር ቃል አልተነጋገርንም። ተመረጥኩ። ይቅርታ በለኝ ብዬ አልጠየቅኩም፣ እሱም አላለም። እንዲህ ተኳርፈን የጉዞዬ ቀን ደረሰ።

ጠዋት ሻንጣዬን እየጎተትኩ ስወጣ ቤት ውስጥ የለም። ሲነጋ ሥራ አለኝ ብሎ ወጥቷል፤ መሰናበቱን ፈርቶ ነው፣ አውቀዋለሁ፣ ፈሪ! ልሰድበው ያዘጋጀሁት ሁሉ አፌ ውስጥ ቀረ። መቀርቀሪያዎቹን ልከፍት ወደ ግቢው በር ሄድኩ።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ነፋስ መልሶ እንዳይዘጋብኝ ከግንቡ ጋር በሽቦ አስሮታል፤ ጠምጥሞ፣ ጠምጥሞ፣ ጫፉን በጉጠት አጣሞ። ነቀነቅኩት። ንቅንቅ አይልም። እዚያው ቆሜ፣ እየተሳደብኩ አለቀስኩ።