የጋሽ ዘይቱ አባላት

በፈትል ፋብሪካችን ሰው በስሙ አይጠራም፤ በማሽኑ ነው። ጥጥ ማባዘቻው ላይ ስለምሠራ ባለማባዘቻዋ ነኝ። ማሽኖቹን ዘይት የሚያጠጡት ሽማግሌ፣ የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ጋሽ ዘይቱ ይባላሉ።

ዕድሜያቸውን እዚያው ጨርሰዋል። ጆሯቸው በማሽን ጩኸት ደክሟል። ወጣት ባዩ ቁጥር "ማኅበር ግቡ፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ይላሉ። እኛም "ጋሼ፣ ቀኑን ሙሉ ድር ስናመርት ነው የምንውለው፤ አንበሳው ግን አልታሰረም" እያልን እንስቅባቸው ነበር።

ከእኔ በፊት ማባዘቻው ላይ የነበረችውን ሴት ማሽኑ በሻሿ ስቦ ገድሏታል። ሥራ እንዲፈጥን ተብሎ የጥርሱ ክዳን ተነሥቶ ነበር፤ ከዚያም በኋላ አልመለሱትም። ጥጥ ባጎረስኩት ቁጥር እፈራለሁ፤ ግን እንዳልባረር ብዬ አፌን ዘጋሁ።

አንድ ቀን ማሽኑ እጅጌዬን ያዘኝ። ቀድጄ አመለጥኩ። ከሥራ ስንወጣ እግሬ ወደ መመገቢያ አዳራሹ፣ ወደ ማኅበሩ ስብሰባ ወሰደኝ።

ከጋሽ ዘይቱ በቀር ማንም የለም። ወንበሮቹን በረድፍ ደርድረው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው አባላቱን በቃላቸው ይጠራሉ። "ባለቦይለሩ።" ዝም ብለው ያዳምጡና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። "ባለማጠንጠኛዋ።" አሁንም እንደዚያው። ሁለቱም ሥራ ላይ የሞቱ ናቸው፤ የሚጠሩት ሁሉ ሙታን መሆናቸው ገባኝ።

"ባለማባዘቻዋ።"

ባዶዎቹ ወንበሮች ወደ እኔ የዞሩ መሰለኝ።

"አቤት" አልኩ ጮክ ብዬ። ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ።

ዐይናቸውን ገለጡ፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። ቀስ ብለው መጥተው ክንዴን ዳሰሱ። ጣታቸው የተቀደደው እጅጌዬ ላይ ቆመ።

"ገላሽ ይሞቃል" አሉ። "ልጄ፣ አንቺን አልጠራሁም።"

"ጋሼ፣ ሙታንን ለምን ይሰበስባሉ?"

"ሕያዋኑ አልመጣ ብለው ነዋ። ክዳኑ ይመለስ ብዬ ብቻዬን ብጠይቅ አለቆቹ ሳቁብኝ። አንቺም ስትሞቺ አልረሳሽም፣ እጠራሻለሁ። ያኔ ግን እጅ አታወጪልኝም።"

በማግስቱ ማባዘቻውን አጥፍቼ "ሥራ እናቁም" እያልኩ ከአንዷ ማሽን ወደ ሌላዋ ዞርኩ። ክዳኑ ተመልሶ እስኪታሰር ድረስ ጥጥ ያጎረሰ ሰው አልነበረም።

አሁን ወጣቱ አዳራሹን ይሞላዋል። ጋሽ ዘይቱ ግን ዛሬም መጀመሪያ የሚጠሩት እነዚያን ነው፤ የፊተኛውን ረድፍም ማንም አይደፍረውም። አዲስ ገቢ ክፍት ወንበር አገኘሁ ብላ ልትቀመጥ ስትል ክንዷን የምይዛት እኔ ነኝ። "ተይዟል" እላታለሁ፣ "አንቺ ከእኛ ጋር ከኋላ ነሽ።"